የሐሙስ ተረኞች

ያን ቀን ጠዋት የቀበሌያችን መዝገብ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳገኘው ነው አደጋው የገባኝ። ተኩሱንስ ስሰማው ሰንብቻለሁ። በውጫሌ በኩል ለሁለት ቀን ሲያጓራ ነበር፤ ጆሮ ደግሞ ይለምዳል። ያ በር ግን እኔ ጽዳት ሆኜ በሠራሁበት አሥራ አንድ ዓመት ሁሉ ሳይቆለፍ አድሮ አያውቅም።

ይህ የሆነው ጦርነቱ እኛ ዘንድ፣ ሐይቅ አካባቢ፣ የደረሰ ሰሞን ነው። ጊዜው አልፏል። እኔ ግን ዛሬም የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ስወለውል ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ይብስብኛል። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የጽሑፌን ነገር ይቅር በሉኝ። ልጄ "እማ፣ ጻፊውና ይውጣልሽ" ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ገባሁ። ሰው የለም። ሊቀመንበሩም፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም፣ ዘበኛውም ሳይነጋ ወደ ደሴ ሄደዋል። አንድ ወንበር ተገልብጧል። ጠረጴዛው ላይ ተገምጦ የተተወ ዳቦ አለ። ከዳቦው አጠገብ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቁ መዝገብ እንደተዘረጋ ተቀምጧል።

ያን መዝገብ አውቀዋለሁ። የበጎ ፈቃደኞቹ ነው። ሀገር መታመስ ሲጀምር የሰፈሩ ወጣት "አካባቢያችንን ራሳችን እንጠብቃለን" ብሎ ተሰልፎ የተመዘገበበት። ደመወዝ የላቸውም። አብዛኞቹ መሣሪያም የላቸውም፤ ዱላና ባትሪ ይዘው ነበር የሚጠብቁት። መዝገቡ ግን ምንም አልጎደለውም። ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ የሚወጣበት ቀን። ለየቀኑ ስምንት ስምንት ሰው። የሐሙስ አምስተኛው "ሰዒድ አሊ፣ 24፣ ከመስጊዱ በታች፣ ሰማያዊ በር" ይላል።

ሰማያዊው በር የኔ ነው። ሰዒድም የኔ ልጅ ነው።

ሌሎቹ ወጣቶች ከወታደሩ ጋር ወጥተዋል። ሰዒድ ግን ቤት ተኝቷል። ሳውዲ ሦስት ዓመት ከርሞ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነበር፤ ያን ሰሞን ታይፎይድ ጥሎት ግድግዳ ይዞም መቆም አቅቶታል። እኔም ሳልሸሽ የቀረሁት ለዚያ ነው። በሽታውን ብቻ ነበር የምፈራው። መዝገቡን ሳይ ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ማንበብ የሚችል ሰው ካገኘው ቤታችንን ማንንም ሳይጠይቅ ይመጣል። ያውም ጽሑፉ እንዴት ያለ ጉልህ ነው! የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እጁ ቆንጆ ነው፤ አላህ ይይለት።

ለምን አላቃጠልሽውም ይሉኛል ሰዎች። ክብሪት አልያዝኩም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የመንግሥት መዝገብ ማቃጠል ፈራሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ፋጡማ፣ አንዲት ወረቀት እንዳትጠፋ" እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ደረቴ ላይ አቀፍኩት፣ በነጠላዬ ሸፈንኩትና ወጣሁ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ መኪና ቆሟል። ታጣቂዎች። ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ብቻ አሉ።

"እናቴ፣ ቁሚ" አለኝ አንዱ። መሪያቸው እሱ ነው። ቀጭን ሰው ነው፣ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። "ምን ይዘሻል?"

"መዝገብ።"

"የምን መዝገብ?"

"የቅሬ" አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ቅሬ ማለት ሌላው ሀገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት እንረዳዳበታለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነን፤ መቃብር የሚቆፈረውም በተራ ነው። ያልኩት ደግሞ ጭራሽ ውሸት አልነበረም። ቀበሌው የጥበቃውን ተራ ሲያወጣ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ ከቅሬው ነው የገለበጠው። ሰው የለመደው እሱን ነዋ።

ነጠላዬን ገልጦ መዝገቡን ወሰደ። ገለጠው። በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚያነበው። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

"ይሄ ሰኞ ማክሰኞ የሚለው ምንድን ነው?"

"የቁፋሮ ተራ ነው። ማክሰኞ ለሞተ የማክሰኞ ተረኞች ይቆፍራሉ።"

"እናንተ ጋ ሞትም ቀን ይመርጣል?" አለና ጓደኞቹን አየ። ማንም አልሳቀም። ወደ መኪናው ዞር ሲል እኔም አብሬ አየሁ። የጭነቱ ቦታ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው አለ። እግሩ ወጥቷል። የአንዱ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለ መሪው። "እኛም የምንቀብረው አለን። ይዘነው መሄድ አንችልም። የሐሙስ ተረኞችን ጥሪልኝ፤ ስማቸውን እያየሁ እቀበላቸዋለሁ። መዝገቡ እኔ ጋ ይቆይ።"

በገዛ አፌ ልጄን አስጠራሁት። እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

እየሮጥኩ ሸህ ይመር ቤት ሄድኩ። የቅሬያችን ዳኛ እሳቸው ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ ጫማቸውን ይሰፋሉ። ነገሩን እያለከለክሁ ነገርኳቸው።

"ምን አልሽ? ቅሬ ነው አልሽ?"

"ቅሬ ነው አልኩ።"

መርፌውን ቆባቸው ላይ ሰኩት። "እንግዲህ ቅሬ ነው ካልሽ ቅሬ ነዋ! ምን ይደረጋል። ስንት ሰው ነው የሚፈልገው?"

"ስምንት። ሁሉም ወጣት ናቸው ሸህ፤ ዕድሜያቸው ተጽፏል። አምስተኛው ሰዒድ ነው።"

"ወጣት ከየት ላምጣለት? ያለን ሽማግሌ ነው። እሱም ስምንት ከሞላ።"

አጥሩን አልፈው ጎረቤታቸውን ተጣሩ። አያ ታደገ ይባላል፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ወገቡን ከታመመ ከርሟል። ሰዒድን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጫንቃው ተሸክሞ ሐይቁ ዳር እየወሰደ ያሳደገው እሱ ነው። ነገሩን ሲሰማ ዶማውን አነሣ።

"መቃብር ከቆፈርኩ አሥር ዓመት ሆነኝ" አለ። "ከአሁን በኋላ የሚቀረኝ የራሴ ነው ብዬ ነበር። በል እንሂድ። አምስተኛ እኔ ነኝ የምቆመው።"

ከየቤቱ ሽማግሌ ተጠርቶ ሸህ ይመርን ጨምሮ ስምንት ሞሉ። ሸህ ይመር መንገድ ላይ አቆሟቸው። "በተራ ቁሙ። ስም ሲጠራ ተራው የደረሰው አቤት ይላል። የማን ስም ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁ" አሏቸው። ከዚያ ዶማና አካፋቸውን ተሸክመው፣ አንዱ እያነከሰ፣ አንዱ እየሳለ፣ ልክ ለቅሶ እንደሚሄዱ ሁሉ ሄዱ። እኔ ከኋላ ነኝ። እንዳልቀር ፈራሁ፣ እንዳልሄድም ፈራሁ።

መሪው መዝገቡን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋ።

"አሕመድ ይማም።"

"አቤት" አሉ ሸህ ይመር።

"ጌታቸው ሙሔ።"

"አቤት።"

"ከድር ሁሴን።"

"አቤት!" አሉ ሦስተኛው። እኚህ ሰው ጆሯቸው በደንብ አይሰማም። መሪው አራተኛውን ስም ሲጠራ እንደገና "አቤት!" ብለው ጮኹ።

መሪው ቀና አለ። "ሁለት ሰው ነዎት?"

"አይሰሙም ጌታው" አሉ ሸህ ይመር ፈጠን ብለው። "ስም በተጠራ ቁጥር የሳቸው ይመስላቸዋል። ባለፈው ሰርግ ላይ ሙሽራው ሲጠራ የተነሡት እኚሁ ናቸው።"

ከታጣቂዎቹ አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ። መሪው ጣቱን አንድ መስመር አወረደ።

"ሰዒድ አሊ።"

"አቤት" አለ አያ ታደገ።

መሪው አየው። አንገቱን ነው ያየው። ጥቁር ማተቡ ከሸሚዙ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። ማናችንም አላሰብነውም። እስኪበቃን ስናየው የኖርነው ማተብ ነዋ፤ ከዓይናችን ጠፍቷል።

"ሰዒድ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ማተብ አስረው?"

"ወሎ ነው ያለኸው ልጄ" አለ አያ ታደገ ድምፁ ሳይናወጥ። "የኔ አጎት መሐመድ ነው የሚባለው። የኚህ የሸሁ እናት ደግሞ ወለተ ማርያም ነበሩ። በስም የሄድክ እንደሆነ እኛ ጋ መንገድ ይጠፋሃል።"

"እውነቱን ነው፤ ነፍሷን ይማረው" አሉ ሸህ ይመር። ይሄኛው እውነት ነበር።

መሪው ወደ መዝገቡ አጎነበሰ። ጣቱ ከስሙ ወደ ጎን ሄደ። የት እንደሚቆም አውቄያለሁ። ፊደል ቢያስቸግረኝም ቁጥር አያስቸግረኝም። 24 ላይ ቆመ። አያ ታደገን ከነሽበቱ ከላይ እስከ ታች አየው። ወደ ላይ ተመልሶ የሌሎቹን ዕድሜ አየ። 19፣ 22፣ 27። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን ነክሼ ነበር፤ በኋላ ሳየው ተቀዷል።

መዝገቡን ከደነ። "ቆፍሩ" አለ።

የቆፈሩት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ግራሩ ሥር ነው። መሬቱ ድንጋይ ነው። አያ ታደገ ወገቡን እየያዘ ሲያቃስት መሪው መጥቶ ዶማውን ተቀበለውና በደህና እጁ ቆፈረ። ሬሳውን ሲያወርዱት ብርድ ልብሱ ተገለጠ። ልጅ ነው። የሰዒድ እኩያ ነው። አያ ታደገ "ክርስቲያን ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ሲሉት አቡነ ዘበሰማያት ደገመለት፤ ሸህ ይመርና ሌሎቹ ሙስሊሞችም እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። የጫማውን ማሰሪያ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አለቀስኩ። እናቱ ቆማ ብታይ እንዴት ትሆን ነበር እያልኩ። ለእሱ ይሁን ለኔ ልጅ ያለቀስኩት እንጃ።

ሲጨርሱ መሪው መዝገቡን ይዞ ወደኔ መጣ። እጁ ጭቃ ነው።

"እናቴ፣ ቅሬያችሁ መዝገብ ላይ ወጣት ነው፣ ሜዳ ላይ ሽማግሌ ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከኋላችን የሚመጡ አሉ። እኔ ያነበብኩትን እነሱም ያነቡታል። ሰዒድ ካለ ዛሬውኑ ከዚህ ይራቅ።"

መዝገቡን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና በመኪናቸው ሄዱ። መዝገቡ የሐሙሱ ገጽ ላይ የጭቃ አውራ ጣት ታትሞበታል። ዛሬም አለ። ሁሉን ነገር ስወለውል እሱን አልነካውም።

ሸህ ይመር ወዲያው የቅሬውን ቃሬዛ አስወጡ። ቃሬዛው ሬሳ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ ሕመምተኛም ይወጣበታል። ግን የሚሸከም ጉልበት የለም። ሽማግሌዎቹ ቁፋሮው ጨርሷቸዋል፣ አያ ታደገ መሬት ላይ ተዘርሯል። እኛ ዘንድ ሴት ቃሬዛ አትሸከምም፤ ሲሸከሙም አይቼ አላውቅም። ያን ቀን እኔና ሦስት ጎረቤቶቼ ትከሻችንን ሰጠን። ሸህ ይመር አንድ ነገር ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። "ግራ እግር ይቅደም፣ እንዳይነቀንቀው" ብቻ አሉ።

ከአስፋልቱ ርቀን በማሳው መሀል ወደ አምባሰል ጋራ አቀናን፤ እህቴ ያለችው እዚያ ሥር ነው። መዝገቡን ከሰዒድ ራስ በታች አደረግሁት፤ ጥዬው ብሄድ እንደገና ሰው ያገኘዋል ብዬ። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶበታል።

"እማ፣ ሞቼ ነው እንዴ?" ይለኛል።

"ዝም በል። ሕያው ነህ።"

"ታዲያ ቃሬዛው?"

"አርፈህ ተኛ።"

"ትራሱ ይቆረቁራል።"

"ቻለው! ስምህን ያስጻፍክበት ነው" አልኩት። አብራኝ የተሸከመችው ጎረቤቴ በሳቅ ሚዛኗን ስታ ሁላችንንም ልትጥለን ነበር። እየሳቅን እናለቅስ ነበር፤ እየሮጥንም ነበር። ከኋላችን መኪና በተሰማ ቁጥር በማሽላው ውስጥ እንቀመጣለን። ማሽላው ባይረዝም ኖሮ እንጃ።

የሚቀጥለው ሰፈር ቅሬ ቃሬዛውን ሲያይ ማን ነው፣ ምን ሆነ አላለም። ወጥተው ተቀበሉን፣ እስከ ወሰናቸው አደረሱን። ከዚያ ሌላው ቅሬ ተቀበለን። እንዲሁ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ልጄ አንዴም መሬት አልነካም። የተሸከሙትን ሰዎች ግማሹን ስማቸውን አላውቅም። የትም አልተጻፈም።

ፀሐይ ጋራው ላይ ስትደርስ የእህቴ ደጅ ደረስን። ሰዒድን አስገብተን አልጋ ላይ አጋደምነው። ከንፈሩን ውኃ አስነካሁት፤ ዋጠ። በሩን ዘጋሁ፣ ተመልሼ ከፈትኩ፣ ደግሜ ዘጋሁ። እህቴ እጄን ይዛ "በቃ፣ ደርሳችኋል" አለችኝ።

አላመንኳትም፤ ራሴ ልበለው ብዬ ጮክ አድርጌ ተናገርኩ። "ደርሰናል። ልጄ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ።"