የአህያው ፊልም እንደገና ሲሠራ

አሮጌ የካርቱን ፊልም እንደገና ተሠራ በተባለ ቁጥር ቤቴ ለሁለት ይከፈላል። ትልቋ ልጄ «ያማረን ነገር ለምን ይነካኩታል?» ብላ ትቆጣለች። ትንሹ አዲሱን ያይና በአሮጌው መሳቅ ይጀምራል። እኔን ሲጠይቁኝ ዓይኔን ሳላሽ «ይሠራ!» እላለሁ። ምክንያቴን ስነግራቸው ግን አያምኑኝም። እናታቸው መርካቶ መሃል አይጥ ሆና እንደ ተወነች ማን ይቀበላል?

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ፍራሽ ተራ የተቀመጠ ፍራሽ ሰፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲነድፍና ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ ይውላል፤ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። የቀበሌያችን አዳራሽ ደግሞ እሑድ ከሰዓት ፊልም ያሳያል። ብዙ ፊልም እንዳይመስላችሁ፣ ያለው አንድ ነው። ስለ ትራክተር የሚያወራ ሌላም ነበር፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም።

አንዱ ፊልም ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ካርቱን ነው። አንድ አሮጌ አህያ አለ፤ በበረቱ ውስጥ አይጦች አብረውት ይኖራሉ። ጌታው ለከተማ ነጋዴ ይሸጠዋል። አይጦቹ ወዳጃችን የት ገባ ብለው ፍለጋ ይወጣሉ፣ በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻ ገበያ ውስጥ ያገኙታል። ታሪኩ ይኸው ነው። ቋንቋው መስኮብኛ ይሁን ሌላ በውል የሚያውቅ አልነበረም።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየ ዕለት ሕዝቡ ምንም ስላልገባው አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ። የመጋረጃውን አቡጀዲ የሰፋው አባቴ ስለ ነበር፣ እንዳይወድቅ ብሎ ከጎኑ ቆሟል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ በርበሬ ሻጭ ጎረቤታችን፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ ሰው፣ አጠገቡ ነህና እስቲ ስማው፤ ምን አለ?» አሉት። አባቴ ወደ አህያው ዞር አለ፣ ትንሽ አሰበና «ወገቤን አሞኛል ነው የሚለው» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተርጓሚያችን እሱ ሆነ።

አንድ ቃል አያውቅም። ሁላችንም አለማወቁን እናውቃለን፤ ግድ የሰጠው ግን የለም። አህያውን በወሎ አነጋገር፣ ነጋዴውን በመርካቶ ደላላ አፍ ያናግራቸዋል። በረዶው ሲመጣ ሳያመነታ «ይህ እንግዲህ ጥጥ ነው» አለን። በዚያ አገር መሬቱ በጥጥ የተሸፈነ ነው፤ ሰዉ ግን ፍራሽ መስፋት ስለማያውቅ ሲረግጠው ይኖራል። አባቴ ይህን ሲናገር ከልቡ ያዝን ነበር። የሰፈሩ ሕፃናት በሙሉ በረዶ ማለት ጥጥ ነው ብለው አደጉ።

ፊልሙ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ መበጣጠስ ጀመረ። አንድ እሑድ ማሽኑ እንደ ልማዱ ተንገጫገጨና ቆመ፤ መጋረጃው መሃል ላይ ቡናማ ነጥብ ብቅ አለች። ነጥቧ ሰፋች፣ አህያውን በላችው፣ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። ፊልሙ ተቃጥሏል። ባለ ማሽኑ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አባቴ ግን አላቋረጠም። ባዶውን አቡጀዲ እያየ «አሁን አይጦቹ ገበያው ደረሱ፤ ግፊያው አያድርስ ነው» እያለ እስከ መጨረሻው ተረከው። ሕዝቡም ባዶውን መጋረጃ አፍጥጦ አይቶ፣ አጨብጭቦ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ያኔ የቀበሌው የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። አፌ ስለታም፣ ሐሳቤ ቶሎ ቶሎ የሚፈላ ልጅ ነኝ። በማግስቱ ለቡድኑ ኃላፊ «ፊልሙ ከሞተ እኛው በመድረክ እንሥራው፤ በአማርኛ!» አልኩት። ፂሙን እያሻሸ አሰበና ተስማማ። አህያው የተጨቆነ ሠራተኛ፣ ነጋዴው ደግሞ አሻጥረኛ ይሁኑ ብሎ አዘዘ። ችግሩ መርካቶ ነው ያለነው፤ አባቱ ነጋዴ ያልሆነ ማን አለ? ነጋዴውን ልጫወት የሚል ጠፋና ኃላፊው ራሱ አሻጥረኛ ሆነ። የአህያውን ቆዳ ከጆንያ ሰፋን፤ የፊት እግሩን ከአውቶቡስ ተራ የመጣ ተሸካሚ ያዘ፤ «በነፃ መሸከም ዛሬ ገና ጀመርኩ» እያለ ያስቀን ነበር። እኔ ትንሿ አይጥ ሆንኩ።

ለአባቴ ያበሰርኩት እራት ላይ ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ቸኩያለሁ።

«አባዬ፣ የአህያውን ፊልም እኛው እንደገና ልንሠራው ነው። በመድረክ፣ በአማርኛ!»

«በአማርኛ?»

«አዎ። ሁሉም ራሱ ይናገራል። አንተም ከእንግዲህ ታርፋለህ።»

«ማን ደከመኝ አለሽ?»

እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ቃሉ ግን ከአፌ ወጥቷል። አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሣ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ቀና ብሎ የሚቆመው እሑድ ብቻ ነው። አህያው በአማርኛ ከተናገረ አባቴ ምን ሊሠራ ይቆማል?

ሰፈሩም ሥራ አልፈታም። ገሚሱ «አሮጌውን በክብር ተዉት፤ የእናንተ አህያ እንደዚያኛው አያምርም» ይላል። ገሚሱ «ታዲያ ባዶ አቡጀዲ ስናይ እንኑር?» ብሎ ይመልሳል። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለቱንም ይሰማል፣ መርፌውን ይወጋል።

በረዶውን ለመሥራት ጥጥ አስፈለገንና እንደ ምንም ብዬ ጠየቅሁት። «ለገዛ መገነዣዬ ጥጤን ላዋጣ?» አለኝ። እኛም ከየቤቱ ያረጀ የትራስ ሙሌት ሰበሰብን። አንድ ቀን በሱቁ በኩል ተሸክመነው ስናልፍ አየውና ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ይሄ ጥጥ ነው? ወላሂ ይሄ የትራስ አንጀት ነው! በእኔ ሰፈር ይሄን ለሰው ታሳያላችሁ?» አለና የተነደፈ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ጥጥ በጆንያ ሞልቶ ሰጠን። ደስ ብሎኝ ልስመው ስል እጁን ዘረጋና አቆመኝ።

«ጥጡ ይምጣ። እኔ ግን አልመጣም። እዚያ አዳራሽ እግሬ ሁለተኛ አይረግጥም።»

ትዕይንቱ የቀረበ ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከመጋረጃው ቀዳዳ ሳጮልቅ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ የበዓል ኮቱን ለብሷል። መሐላው እንዳይፈርስ እግሩን ከበሩ ደፍ አላሳለፈም። ለምን እንደ መጣ ለጠየቀው ሁሉ «ጥጡን ከዝናብ ላስጥል ብዬ ነው» ይል ነበር። ሰማዩ ግን አንዳች ደመና አልነበረበትም።

ተጀመረ። አሻጥረኛው የአህያውን ገመድ ጎተተ። ተሸካሚው ከጆንያው ውስጥ ጮክ ብሎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለ። እኛ ጭብጨባ ጠበቅን። ሕዝቡ ግን በአንድነት አንገቱን ወደ መጋረጃው ጥግ፣ አባቴ ድሮ ወደሚቆምበት አዞረ። ማንም የለም። አዳራሹ ግራ ገባው።

«ምን አለ?» አሉ በርበሬ ሻጯ።

ኃላፊው በጥርሱ መሃል «ድገመው!» አለ። ተሸካሚው ጣራው እስኪነቃነቅ ደገመው።

«አትጩህብኝ፣ ሰምቼሃለሁ!» አሉ ሴትየዋ። «ምን ማለቱ ነው ነው ያልኩት። የት ሄደ ያ ሰው?»

«ጋሼ! ጋሼ የት አሉ?» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ደጃፉ ላይ ያዩት ሰዎች እጁን ይዘው ሊያስገቡት ታገሉ፤ እሱ የበሩን መቃን ይዞ አልገባም አለ። ጥያቄው ግን አሸነፈው። እዚያው እንደ ቆመ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወዴት ትወስደኛለህ ነው የሚለው» አለ። «ግን የት እንደሚሄድ ጠፍቶት አይደለም። ትንሽ ቢያወራ ትንሽ ይቆያል ብሎ ነው። ከበረቱ ዓይኑን መንቀል አቅቶታል።»

ሴትየዋ ከንፈራቸውን መጠጡ። አዳራሹ ከእሳቸው ጋር መጠጠ። ከጆንያው ውስጥ ተሸካሚው «እውነቱን ነው እኮ» ሲል ሰማሁት።

ልጆቼ ሲከራከሩ ልነግራቸው የምፈልገው ይህን ነው። ያን ሁሉ እሑድ አባቴ ቋንቋ የሚተረጉምልን ይመስለን ነበር። አህያው በገዛ ቋንቋችን ሲናገር ነው፣ ሰው ከሚናገረው ሥር ያለውን ሲነግረን እንደ ኖረ የገባን። አሮጌውን እንደገና ባንሠራው ኖሮ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅለትም ነበር። እሱም ራሱ ያወቀው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ትዕይንቱ ከእጃችን ወጣ። እኛ አንድ ቃል እንላለን፣ ከደጃፉ ሁለት ቃል ይመጣል። ኃላፊው አሻጥረኛ ሆኖ ሲፎክር አባቴ «ይሄ ደግሞ ቤቱ ሚስቱን ስለሚፈራ ነው» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ኃላፊው ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። በረዶው ሲበተን ሕፃናቱ «ጥጡ መጣ!» ብለው ተነሥተው አጨበጨቡ።

መጨረሻው ላይ አህያውን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ኃላፊው የጻፈልኝ ቃል ስለ ጭቁኖች አንድነት ነበር፤ ረጅም ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አፌን ስከፍት ግን ዓይኔ አህያውን አልፎ ደጃፉ ላይ አረፈ።

«አንተ ከሌለህ አይሆንልንም» አልኩ። «ተቀይመህም ቢሆን ና። የሚመጣው እሑድም ና።»

ሕዝቡ ወደ ደጃፉ ዞሮ ትርጉሙን ጠበቀ።

«ምን አለች?» አሉ በርበሬ ሻጯ።

«ይቺን አልተረጉምም» አለ አባቴ። «ለእኔ ነው የተናገረችው።»

«እሱማ ገብቶናል! አህያው ምን መለሰ?»

አህያው ገና ምንም አልመለሰም ነበር። አባቴ መቃኑን ለቀቀና ወደ ውስጥ ገባ።

«እመጣለሁ ብሏል።»