ምኑ ቀድሞ ይሞታል?

እኔ የተዘጋ ዕቃ አላምንም። ጁባ ታውን ገበያ ውስጥ፣ ሰው ከታሸገ ካርቶን ይልቅ የተፈታ ዕቃ እንዲመርጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ኩራት ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ኩራት ነው።

ትምህርቱ ግን የእናቴ ነው። እናቴ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነበር የምትሠራው። ቁራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣውን የተበላሸ ካውያ፣ ምድጃና ሬዲዮ ትገዛለች፤ ትፈታለች፤ ደህናውን ከሞተው ለይታ ትሸጣለች። እኔና ታላቅ ወንድሜ ብሎን በሞላባቸው ጣሳዎች መሃል ነው ያደግነው። ጎረቤት አዲስ ዕቃ ገዝቶ ሊያሳያት ሲመጣ፣ ሌላው ሰው "በስንት ገዛኸው?" ይላል፤ የእኛዋ ካቻቢቴዋን አንስታ "ምኑ ቀድሞ ይሞታል?" ትላለች። ከዚያ ታስረዳለች፦ "ዕቃ ሁሉ ሟች ነው። ቁም ነገሩ የሞተው ብቻውን ይወጣል ወይስ ደህናውን ይዞ ይቀበራል ነው።"

ወንድሜ ያንን ኑሮ አይወደውም ነበር። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት እጁን በሳሙና ይፈትገዋል፤ ዝገት ዝገት ሸተትክ እንዳይሉት። የደቡብ ሱዳን ጦርነት አብቅቶ ጁባ ለንግድ ስትከፈት ቀድሞ ሄደና ጁባ ታውን የቤት ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ሲደላደል እኔን ሒሳብ ተቀባይ እንድሆንለት አስመጣኝ። ስደርስ መጀመሪያ ያሳየኝ ማደሪያዬን አልነበረም፤ እስከ ጣሪያው የተደረደሩትን ካርቶኖች ነው።

"አየሽ? ፕላስተራቸው እንኳ አልተነካም" አለኝ፣ እጁን በላያቸው እያሳለፈ። "እዚህ ቤት የሰው እጅ የነካው ዕቃ የለም።"

በማኅበር ለምናገኛቸው አበሾች እናታችን የቤት እመቤት ናት ብሎ እንደነገራቸው የሰማሁትም ያን ሰሞን ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ዝምታ ግን ውስጤ ነቀዘ።

ያን ጊዜ የሱቃችን ዋና ሸቀጥ በቻርጅ የሚሠራ መብራት ነበር። ጉዴሌ የሚባለው ዳር ሰፈር የሚኖር ሰው ቀን ታውን መጥቶ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ መብራቱን ቻርጅ ያስደርጋል፤ ሲመሽ ቤቱ ወስዶ ያበራል። አንድ ቀን ዕቃ የሚያስረክበን ጅምላ ነጋዴ ሁለት ዓይነት አመጣልን። አንደኛዋ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የት ጋ እንደተገጠመች እንኳ የማትታወቅ ቆንጆ። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ብሎኖቿ ሆዷ ላይ ያፈጠጡ መልከ ጥፉ። ወንድሜ ነጯን በብዛት አዘዘ፤ ጥቁሯን ለይሉኝታ ያህል ጥቂት ወሰደ።

ነጮቹ መብራቶች በገቡ ቀን ገበያተኛ ሱቁን ሞልቶት ነበር። እኔ አንዷን አንስቼ በቢላዋ ጎኗን መፈልቀቅ ጀመርኩ። አልከፈት አለች፤ ስታገላት ተሰነጠቀች። ዙሪያዋን በማስቲሽ ነው ያጣበቋት። ውስጧን ሳይ፣ ቻርጅ የሚገባባት ሶኬት በጸጉር መሳይ ሽቦ ተንጠልጥላለች።

"ሶኬቷ ናት ቀድማ የምትሞተው፤ ስትሞት ደግሞ ማንም ሊደርስላት አይችልም!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ላይዋ አምሮ፣ ውስጡን ለቄስ!"

ወንድሜ ፊቱ ደም መሰለ። "እዚህ ምናለሽ ተራ አይደለም! ሌላ አንዲት ዕቃ ብትከፍቺ፣ አዲስ አበባ ነው የምመልስሽ!"

የማባረር ዛቻው አልነበረም ያሳረረኝ፤ ምንም እንኳ ጁባን ከነአቧራዋ ወድጃት የነበረ ቢሆንም። ያሳረረኝ የዚያን ቦታ ስም ስድብ ማድረጉ ነው። ያበላንን፣ ያስተማረንን፣ የእሱን የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠውን ቦታ። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ከዚህ ሱቅ አልወጣም፣ ያንን ስም ደግሞ አንድ ቀን እሱ ራሱ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በክብር ይጠራዋል።

ዝናቡ ሲገባ ነጮቹ መመለስ ጀመሩ። አንዱ ጫማው ላይ የጉዴሌን ጭቃ ይዞ ይመጣና መብራቷን ባንኮው ላይ ያስቀምጣል፦ "ላምባ ደ ካላስ ሙቱ!" ይቺ መብራት በቃ ሞተች ማለቱ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" እያለ ይቀይርላቸው ነበር። የተቀየረችውም ሞታ ስትመለስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የነጮቹ ሬሳ ጓዳ ውስጥ ተከመረ። እኔ "ነግሬህ ነበር" አላልኩትም። አየት ብቻ አደርገዋለሁ፤ እሱ ይብስበታል።

እንዲህ እያለን አንዲት ደንበኛችን ጥቁሯን መብራት ይዛ መጣች። ጋምቤላ ያደገች፣ ጉዴሌ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ረጅም ሴት ናት።

"እህቴ፣ ይቺም ሙቱ" አለችኝ። "ልብሱን ለነገ ብያለሁ። ላምባ ከሌለኝ እኔም ካላስ።"

ወንድሜ ከባንኮው ወዲያ ጫፍ፣ ነጭ መብራት ከመለሰ ሰውዬ ጋር ይጨቃጨቃል። አየሁት፤ አየኝ። ምን ላደርግ እንደሆነ ገብቶታል። ካቻቢቴ ከቦርሳዬ ተለይቶ ስለማያውቅ አወጣሁና የጥቁሯን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ። ሆዷ እንደ ሳጥን ተከፈተ። ባትሪው አብጧል፤ ሽቦዎቹን ነቀል አድርጌ በእጄ አወጣሁት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ከተከመሩት ነጮች አንዷን አመጣሁና በመዶሻ ሰበርኳት። ሶኬቷ በጥሷል፤ ባትሪዋ ግን ያው ዓይነት፣ ያው ልክ ነው፣ ጤነኛ። ወስጄ ጥቁሯ ሆድ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ገጠምኩ፤ ማብሪያውን ተጫንኩ።

በራች! ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። ወንድሜን ሲጨቀጭቅ የነበረው ሰውዬ ጭቅጭቁን ትቶ ወደ እኔ መጣና በጣቱ ጥቁሯን እያሳየ "አና ደር ደ!" አለ፤ እኔ የምፈልገው ይቺን ነው። ወንድሜ ከመደርደሪያው ፕላስተሩ ያልተነካ ጥቁር አወረደለት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ እሷ ትፍታትና ውስጧን ልየው አለ።

ወንድሜ የካርቶኑን ፕላስተር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ በባንኮው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ይቅርታ አላለኝም፤ አዲስ አበባ ትመለሻለሽም አላለኝም።

ከዚያ ወዲያ የሱቁ ደንብ ሆነ። ከየካርቶኑ አንዷ ትፈታለች፤ ውስጧ እየታየ ባንኮው ላይ ትቀመጣለች። ገዢው ደግሞ ያቺን ነው የሚፈልገው! የታሸገ ስንሰጠው "ለምን፣ ምን ደብቃችሁ ነው?" ይላል። ማስቲሽ ያለበት ዕቃ በራችንን አልረገጠም። ነጮቹን ሰባብሬ ባትሪያቸውን፣ አምፖላቸውን፣ ሽቦአቸውን ለየሁ። ማስቀመጫ ጣሳ ያመጣልኝ ራሱ ወንድሜ ነው። ሌሎቹ ባለ ሱቆች መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ደንበኛ እየሸሻቸው ሲሄድ እነሱም ካቻቢቴ ገዙ፣ ያውም ከእኛው።

ግን የምናለሽ ተራን ስም አሁንም አይጠራም። "እህትህ ይሄን የት ተማረች?" ሲሉት "ተሰጥኦ ነው" ይላል። ደሜ ይፈላል። የምን ተሰጥኦ!

በበጋው እናታችን ልትጠይቀን መጣች። ወንድሜ ከአየር ማረፊያ ተቀብሏት ሱቅ አመጣት፤ ደህናው ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ለስላሳ ከፈተላት። እንኳን ደህና መጡ ሊሏት የማኅበር ሰዎች ሱቁን ሞሉት። ስመው ስመው "ልጆችዎን ቤት ቁጭ ብለው እንዴት አድርገው አሳደጉልን" ይሏታል። እሷ ፈገግ ትላለች። ሳያት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። በብሎንና በቆርቆሮ የተተለተሉትን እነዚያን እጆች። ልጇ ምን ብሎ እንዳወራ ገብቷታል ማለት ነው። 

በዚህ መሃል ያ ጅምላ ነጋዴ አዲስ ቬንትሌተር ይዞ ገባ። "ይሄ የመጨረሻው ሞዴል ነው፣ መበላሸት የሚባል ነገር አያውቅም" ብሎ ለወንድሜ አቀበለው። ወንድሜ ቬንትሌተሩን እንደያዘ እናቴን አያት። ነጠላዋን አየ። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ እንደደበቀች ሲያስተውል አየሁት፤ ከዚያ ልጅ ሳለ በሳሙና ይፈትገው የነበረውን የራሱን እጅ አየ።

መጣና ካቻቢቴውን ከእጄ ወሰደው። ቬንትሌተሩን እናቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠ።

"ይህቺ እናቴ ናት" አለ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ እየፈታች ነው ያሳደገችን። የዚህ ሱቅ ደንብ የእሷ ነው።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን ዘረጋላት። "እማዬ፣ ምኑ ቀድሞ ይሞታል?"

እናቴ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ከነጠላዋ አወጣች።

"እስቲ መነጽሬን አቀብሉኝ" አለች።