ሰው በሞላበት ሰዓት

ዲቪ ደርሶኝ ከደሴ በወጣሁበት ምሽት ቤተ ዘመዱ ሁሉ የተጨቃጨቀው በእኔ እግር ነበር። ቀኝ እግሬን በልጅነቴ ፖሊዮ አሟሽሾታል፤ በክራንች ነው የምሄደው። አጎቴ «ቦሌ ስትደርሺ ዊልቸር ጠይቂ፣ ሰው ፊት ወድቀሽ እንዳታዋርጂን» አለ። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ እስከ አውሮፕላኑ በር በራሴ ሄድኩ።

ዳላስ ስደርስ ግን የሚኬድበት ጠፋ! እህቴ ሰብለ የምትኖርበት፣ ሳክሲ የሚባለው የዳላስ ዳርቻ፣ ቤትና መኪና እንጂ እግረኛ የለም። የደሴን ዳገት ስረግም ኖሬ እዚህ ሜዳው አሰነፈኝ። ጥቂት ወራት ሳይሞላኝ ደህነኛው ጉልበቴም መክዳት ጀመረ። ሐኪሙ «ካላጠነከርሽው ክራንችም አያቆምሽም» ሲለኝ ፈራሁ። ሰብለ ሠፈራችን ያለ ጂም አስመዘገበችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ረጅም ቀሚሴን ለብሼ ገባሁ። ሰው ካለበት ገብቶ ዝም ማለት ነውር አይደል? ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካውን ሳይቀር አስነቅዬ ጨበጥኩ። በጀርባው ተኝቶ ብረት እየገፋ የሚያቃስት ሰውዬ ጋ ስደርስ እጁ ስላልተመቸኝ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አይዞህ!» አልኩት። ለጥቂት ብረቱን ሊጥለው ነበር።

በማግስቱ ማናጀሩ አስጠራኝ። ሰብለ ታስተረጉማለች።

«ሰዎች ኮምፕሌይን አድርገዋል እያለ ነው። ደግሞ፣ ማለቴ… እግርሽ እንዲህ ስለሆነ ጠዋት ሰው በሌለበት ሰዓት ብትመጪ ኮምፈርተብል ትሆኛለሽ ይላል።»

«ማን ነው ኮምፈርተብል የሚሆነው? እኔ ወይስ እነሱ?»

«አሁን ይሄን ልንገረው?»

«ንገሪው እንጂ! ጠዋት ዌርሃውስ ሥራ ላይ ነኝ። መጨባበጡን እተዋለሁ፣ ሰዓቴን ግን አልለውጥም በይው።»

ነገረችው። ፊቱ ቀላ።

«ኦኬ፣ ግን ሌላ ኮምፕሌይን ከመጣ ካንስል አደርጋታለሁ ይላል።»

እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንደሚከተት አሮጌ ዕቃ ሊደብቀኝ ነው? በማግስቱ ከሥራ መልስ፣ ጂሙ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ከነቀሚሴ ከነክራንቼ ገባሁ። እጄን ሰብስቤ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ «ሄሎ!» አልኩ። ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትሠራ በጣም ወፍራም ሴት ብቻ ዞር ብላ «ሃይ፣ ሃኒ!» አለችኝና አጠገቧ ያለውን ወንበር ጠቆመችኝ።

አሁን ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ሰዉ አዙረን እንሠራለን። አንዳንዱ ሰላም ይላል፣ አንዳንዱ ይገላምጠናል። ማናጀሩ እንዳሻው ካንስል ያድርገኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ነው የሚያገኘኝ። ጉልበቴ እየጠና ነው።

እሑድ እናቴ ጋ ደውዬ ስለ ጂሙ ነገርኳት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እግሬን በጋቢ ስትሸፍን የኖረች ሴት ናት።

«እንደሱ ስትፍጨረጨሪ ሰው አያይሽም?» አለችኝ።

«ያየኛል እማዬ፤ ሁሉም ያየኛል።»

ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ይዩሽ!» አለች። «ይዩሽ ልጄ!»

«እኔማ አንቺ እንድታዪኝ ነበር የምፈልገው» አልኳት።