ሦስተኛው ካሴት የማን እጅ ነው?

ጋሽ ጁማ ሌባ ናቸው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ አምኜ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው።

ጋሽ ጁማ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ «ጁማ ሙዚቃ ቤት» የሚል ቀለሙ የደበዘዘ ሰሌዳ ያለበት ሱቅ አላቸው። ዛሬ እዚያ የሚሠራው ሬዲዮ መጠገን፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግና ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው። የተወለዱት ቡሬ ነው። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸውን ጨርቅ እንዲያመጣ ባሕር ዳር ቢልኩት ቴፕ ተሸክሞ ተመለሰ። አባትየው አንድ ወር አላናገሩትም። ካሴት ማባዛት የጀመሩት በዚያው ቴፕ ነው።

አሠራራቸው ከሌላው ይለያል። ማንኛውንም ዘፈን ሲቀዱ በእጅ ሰዓታቸው ይለኩታል፤ ርዝመቱን ደቂቃና ሰከንድ ለይተው ሰማያዊ ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ከዚያ የካሴቱ አንድ ገጽ የትኞቹን ዘፈኖች እንደሚይዝ ደምረው ይወስናሉ። ከእሳቸው ሱቅ በወጣ ካሴት ላይ ዘፈን መሀል ላይ ተቆርጦ አያውቅም ይባላል። እኔ የዞኑ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝና ይህን ጠባያቸውን ድሮም አከብርላቸው ነበር።

ወንድሜ ዘሚካኤል ሦስት ካሴት አወጣ፤ ሦስቱንም የቀዱት ጋሽ ጁማ ናቸው። ወንድሜ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። በአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማንኩሳ ገባ፤ ወፍጮ ቤትም ተቀጠረ። የሚጫወተውን «ሮክ» ይለዋል፤ የማንኩሳ ሰው «የዘሚካኤል ጩኸት» ይለዋል። በ1984 «የላህ ውኃ»፣ በ1988 «ጠጠር መንገድ»፣ በ1993 ደግሞ «መኸር» ወጡ። ዘፋኝ የለባቸውም፤ ጊታር ብቻ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል፣ በ1990፣ የወፍጮው ቀበቶ የግራ እጁን የቀለበት ጣት ጫፍ ወሰደው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰው እጁ ላይ ወዳለው ይመለሳል። የጋሽ ጁማ ሱቅ አግዳሚ ወንበር በአሮጌ ካሴት ወዳጆች የተሞላው በዚያ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ የማገኘው ክርክር ስለ ወንድሜ ነበር።

«ከሦስቱ አንደኛዋ ‹የላህ ውኃ› ናት፤ በቃ፣ አትድከሙ» ይላል ተስፋው። የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል።

«አንተ ባጃጅህ ውስጥ ስፒከሩ ተቀዶ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖብሃል» ትለዋለች ከጎን ጭማቂ ቤት ያላት ያምሮት። «‹መኸር›ን ስማ። ሌላው ላይ ይሄዳል፤ ‹መኸር› ላይ ይሮጣል።»

«ይሮጣላ! ማን ነው የሮጠው? እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ጣቱን ወፍጮ የበላው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ከድሮው ፈጥኖ ተጫወተ? ጎማው ተነቅሎ የፈጠነ ባጃጅ አሳዪኝ።»

ወንበሩ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ጁማ አንገታቸውን ደፍተው የአንድ ሬዲዮ ሽቦ ይበይዱ ነበር። ቀና አላሉም። እኔ ይህን አስተዋልኩ።

ተስፋው የሚያወራው ዝም ብሎ አልነበረም። በ«መኸር» የመጨረሻ ዘፈን መግቢያ ላይ አንድ ድምፅ አለ። «ጁማ፣ ያቺን በር ዝጋት፣ ዶሮዋ ገባች» ይላል፤ ከዚያ ጊታሩ ይጀምራል። ድምፁ ቀጭን ነው፤ የጎረምሳ ድምፅ ነው። የወንድሜ ድምፅ ወፍራም እንደ ነበር የማያውቅ የለም። ጋሽ ጁማ ደግሞ ያን ጊዜ ጊታር የሚሞካክር ሙሐመድአሚን የሚባል የእህት ልጅ ነበራቸው፤ ኋላ አዲስ አበባ ሄዶ የሠርግ ተጫዋች ሆነ። ተስፋው ደውሎ ጠይቆታል፤ «እኔ አይደለሁም» ብሏል።

«እና ምን እንዲልህ ነው? አጎቴን እሰሩልኝ ይበልህ?» አለች ያምሮት። እሷም መጠርጠር ጀምራ ነበር።

እኔ «መኸር» ሲቀረጽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የቀረጻውን ነገር አላየሁም፤ ወንድሜም አውርቶልኝ አያውቅም። ስለ ሁለቱ ካሴቶች ሲያወራ የማይጠግብ ሰው ሦስተኛው ሲነሣ ወሬ ይቀይር ነበር። ይህም ጥርጣሬዬን አጠናከረው።

ለሙት ዓመቱ ወዳጆቹ ትንሽ መጽሔት ለማሳተም ተስማሙ። የሥራዎቹን ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነኝ። ሦስት ብዬ ከጻፍኩ የወንድሜ ያልሆነን ነገር በስሙ አሰፍራለሁ። ሁለት ብዬ ከጻፍኩ ደግሞ ጋሽ ጁማ በወንድሜ ስም የሌላ ሰው ካሴት የሸጡ መሆናቸው ታትሞ ይቀራል። ስድሳ ስድስት ዓመት በዚህ አካባቢ ታምነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በየትኛው መንገድ ይሄዳሉ?

ደብተሩን ጠየቅኳቸው። ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። «መኸር» በሚለው ርዕስ ሥር «ቡሬ፣ አባቴ ቤት፣ የካቲት 1993» ተብሎ ስምንት ዘፈኖች ከነርዝመታቸው ተጽፈዋል። ካሴቱን ቢሮ ወስጄ ለካሁት። የመጨረሻው ዘፈን ደብተሩ ላይ ስድስት ደቂቃ ነው፤ ካሴቱ ላይ ግን አምስት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ደብተሩ ላይ የተመዘገበው ቀረጻና የተሸጠው ካሴት አንድ አይደሉም። ወንድሜ የተጫወተውን አስቀርተው የእህታቸውን ልጅ አስገብተዋል። በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ጋሽ ጁማ፣ ይህ ደብተር የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ ነው፣ ህይወት።»

«ካሴቱ ከደብተሩ ጋር አይገናኝም። ዘፈኑ ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ ያጥራል። ምን ይሉኛል?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሁለት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«አይከራከሩም?»

«ለራሴ ብዬ አልከራከርም። ጻፊው።»

አመኑ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ደስ አላለኝም። ሰው ሲያምን አይቼ አውቃለሁ፤ ወይ ያለቅሳል ወይ ምክንያት ይደረድራል። እሳቸው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወደ ሬዲዮው ጎነበሱ።

እኔ አንድ ሰነድ አንድ ቦታ ላይ አልገጠመም ብዬ ዘግቼው አላውቅም፤ ከላይ እስከ ታች ነው የማመሳክረው። በዚያ ቀን ግን በንዴት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ለክቼ ነበር የሄድኩት። ተመልሼ ስምንቱንም ለካሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ደብተሩ ላይ አምስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው፤ ካሴቱ ላይ ስድስት ሰከንድ ብቻ ጎደለው። አራተኛው ደብተሩ ላይ አራት ደቂቃ ነው፤ አሥራ ስምንት ሰከንድ ጎደለው። ስምንተኛው ሃምሳ አራት ሰከንድ ጎደለው። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ጉድለቱ በመጠን ይጨምራል፤ አንዴም ወደ ኋላ አይመለስም። የጊታሩም ቅኝት እንደዚያው ከዘፈን ዘፈን እየቀጠነ ይወጣል። አታላይ ሰው እንዲህ አድርጎ አያታልልም። ይህ የማሽን ሥራ ነው። የሚቀዳው ቴፕ ጉልበቱ እያለቀ ሲሄድ በዝግታ ይዞራል፤ በዝግታ የተቀዳ ነገር ደግሞ በጤነኛ ቴፕ ሲሰማ ይሮጣል፣ ይቀጥናል።

የመጨረሻውን ዘፈን ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቼ ስድስት ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ አዘገየሁት። ከዚያ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«ጁማ፣ ያቺን በር ዝጋት፣ ዶሮዋ ገባች።»

ወንድሜ ነበር። ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆኖት ነበር። የቢሮዬን በር ዘጋሁ።

ጊታሩም የእሱ ነው። ያ አጭር ጣት መድረስ ያለበት ቦታ ሲመጣ ትንሽ ይዘገያል፤ ደርሶ ይቀጥላል። ፈጥኖ ሲሰማ ይህ መዘግየት ይጠፋል።

ወደ ጋሽ ጁማ ቤት ስሄድ ቅዳሜ አልጠበቅኩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓፊፋ በሩን ከፈቱልኝ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ወደ ውስጥ ዞረው ጮሁ።

«ጁማ! የባትሪው ጉድህ ወጣልህ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ጊዜ ቡሬ አማቴ ቤት ነበርን፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጊታሩን በባትሪ ድንጋይ፣ ቴፑን በመኪና ባትሪ እናስነሣለን ብለው ሁለት ባትሪ አሸክመው አመጡ። አንዱ ከቴፑ ጋር ታሰረ። ሌላው በር ሥር ቁጭ ብሎ አሲዱ እየፈሰሰ ምንጣፌን አቃጠለልኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ምንጣፍ ይገዛልኛል እያልኩ እጠብቃለሁ።»

ጋሽ ጁማ ከጓዳ ወጥተው ተቀመጡ። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋቸው። ዶሮዋ ጋ ሲደርስ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«በማግስቱ ሱቅ ውስጥ አብረን ሰማነው» አሉ። «ፈጥኖ ሲመጣ ደነገጥኩ። ‹ዘሚካኤል፣ ተበላሽቷል፤ እንደገና እንቅዳ› አልኩት። እሱ ግን እየሰማ ግራ እጁን ያያል። ‹ጁማ፣ ጣቴን መለስክልኝ። ተወው፤ ለማንም አትናገር› አለኝ። አልተናገርኩም።»

«ሌባ ሲባሉም?»

«ሌላ ጊዜ ተናገር ብሎኝ አያውቅም።»

«ሁለት ብለሽ ጻፊ ያሉኝስ?»

«አንቺ ራስሽ ካልደረስሽበት እኔ ምን ልበልሽ?»

የመጽሔቱን ነገር ይዤ ሦስት ቀን አሰብኩ። ወንድሜ ምስጢሩ እንዲጠበቅ ፈልጓል። ነገር ግን ጁማ ሌባ እስኪባል ድረስ ጠብቀው አላለም፤ ቢሰማ ኖሮ ጊታሩን ይዞ ሱቁ በር ላይ ይቆም እንደ ነበር አውቃለሁ። ቅዳሜ ስልኬን ከጋሽ ጁማ ስፒከር ጋር አገናኝቼ የዘገየውን ለሁሉም አሰማሁ።

ስድስቱን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ያምሮት «ይኸው፣ ጣቱ ይሰማል» አለች።

ተስፋው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሽ ጁማ፣ ይማሩኝ። አፌ ነው።»

«ያልታገሥኩት የባጃጅህን ጩኸት ነው እንጂ አንተንስ ድሮም ታግሼሃለሁ። ሚሞሪህን አምጣ፣ የዘገየውን ልጫንልህ።»

«ቆይ፣ ታዲያ ሦስተኛው ካሴት የትኛው ነው?» አለች ያምሮት። «የሮጠው ነው ወይስ ይኼ?»

«የሮጠው ነዋ! ዘሚካኤል ራሱ የወደደው እሱን አይደል?»

«አንተ ትናንት የሮጠውን የሙሐመድአሚን ነው ስትል አልነበር እንዴ!»

ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አላለቀም።

መጽሔቱ ላይ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። «መኸር» ከሚለው ሥር ያሰፈርኩት የካሴቱን ርዝመት ሳይሆን የጋሽ ጁማን ደብተር ርዝመት ነው፤ ወንድሜ በእውነት የተጫወተው ያንን ያህል ነውና።

አንድ ጥርጣሬ ግን ቀርቶኛል። ዘፈንን በሰከንድ የሚለካ፣ ሬዲዮ ሲታመም ከመንገድ ማዶ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ቴፑ እየደከመ ሲሄድ ስምንት ዘፈን ሙሉ ሳያስተውል ቀረ? ያልተነካ ባትሪም በር ሥር ነበር። መጽሔቱን ላደርስላቸው በሄድኩ ቀን ይህን ጠየቅኳቸው።

«ባትሪውን በሁለተኛው ለምን አልቀየሩም?»

ጋሽ ጁማ መጽሔቱን ገልጠው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ፤ ትክክል መሆናቸውን አረጋገጡ።

«ዶሮዋን ሳባርር ረሳሁት» አሉኝ።

ዶሮዋ የገባችው ስምንተኛው ዘፈን ላይ ነው። አውቀው ለመተዋቸው ግን ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ መዝገብ ውስጥ አላስገባሁትም።