ከግራናይቱ ሆድ ላይ

ገላው ዓመታት ሙሉ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ ከታዴዎስ ድንጋዮች ስር በጀርባው እየተንፏቀቀ ሲገባና ሲወጣ፣ ያንን ስም ሲፈልግ ነበር እንዴ? ይህን አውቃለሁ ብሎ የሚመልስ የለም። እሱ ራሱ ቢጠየቅ «ስንጥቅ ነው የማየው» ይላል። ስንጥቅ የሚያይ አናጺ ግን ጠርዙን በመብራት ቃኝቶ ይወጣል እንጂ የድንጋዩን ሆድ ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ አይዳብስም።

ገላው ወሰን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ የኪችን ካቢኔት ይሠራል። ታዴዎስ ደግሞ ከእሱ ሁለት አጥር አልፎ ግራናይት ይቆርጣል፤ ለቋሚ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ለሟች የመቃብር ሐውልት። አንዱ ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ ሌላው ከስሩ እንጨቱን ይገጥማል። እንጀራቸው የተያያዘ ነው።

የገላው ሚስት ሩታ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስትሞት ሐውልቷን የሠራው ታዴዎስ ነበር። ጥቁር ግራናይት ላይ «ሩታ ዓምደ ሚካኤል» ብሎ ቀረጸ። ሰፈሩም ባሏም የሚጠሯት በዚህ ስም ነው። አባቷ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ግን ድንጋዩን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃት በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ተብላ ነው፤ ጸሎት የሚደርሳትም በዚያው ነው። በዓለም ስሟ ብቻ የቆመ ድንጋይ ለእሳቸው የማንም ድንጋይ ነበር። ገላው በሐዘን መሐል ከአማቱ ጋር መሟገት ነውር መሰለውና ታዴዎስን «ይህ የእሷ አይደለም፣ መልሰው» አለው።

ታዴዎስ ሌላ እቀርጻለሁ ብሎ ዛሬ ነገ ሲል ወራቱ ዓመት ወለዱ። መሪጌታ «ባሏ ያቆማል» ብለው፣ ገላው «እሳቸው ይጠይቁ» ብሎ ሲጠባበቁ ሽማግሌው ሞቱ። ከሁለት ዓመት በፊት ገላው ለሙት ዓመቷ በባሕር ዛፉ መሐል የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ መቃብሯ ቦታ ሲደርስ፣ የማያውቀው ሰው አዲስ መቃብር ጠበቀው። ምልክት የሌለው መቃብር ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ይቆፈራል አሉት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች። የመጀመሪያውን ድንጋይ ታዴዎስ ያን ጊዜውኑ ሰባብሬ ጠጠር አድርጌዋለሁ ብሎታል። እንግዲህ ሩታ ተጽፋ የምትገኝበት ቦታ በምድር ላይ አልነበረም።

ሃይሚ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ከሐዋሳ መጥታ የካ ዳገቱ ላይ ቤት የገዛች እናት ናት። የታዴዎስ ግራናይት ወጥ ቤቷ ከገባ ወር አልሞላውም። ካቢኔቱን የገጠመው ሌላ ሰው ነበር፤ ታዴዎስ ለዚህ ቤት ገላውን አልጠራውም። ከድንጋዩ ስር የገባው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። ሰኞ ዕለት ሃይሚ በሩን ከፍታ ሁለቱን መደርደሪያዎች ከነሰሐናቸው ስትስብ፣ ማሽኑ እንዳለ ወደፊት ተደፋ። ሰሐኑ ከሁለት ዓመት ልጇ እግር ስንዝር ርቆ ተከሰከሰ። ገላውን ያገኘችው በጎረቤት በኩል ነው።

«ጋሼ ገላው፣» አለችው ማክሰኞ ጠዋት፣ «ወይ እንዳይነቃነቅ አድርገው ይሥሩልኝ፣ ወይ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ያውጡልኝ። ይቺ ልጅ በሩን እንደ ደረጃ ነው የምትወጣበት።»

ገላው ማሽኑን ጎትቶ አየው። አናቱ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ሁለት የብረት ጆሮዎች አሉት፤ ወደ ላይ ከእንጨት ጋር በቪት፣ በጠመዝማዛ ምስማር፣ እንዲታሰሩ የተሠሩ ናቸው። ከላይ ያለው ግን ድንጋይ ነው፤ ቀጭን ድንጋይ ከስር ቢሰረሰር ይሰነጠቃል። በግራ ያለው ግድግዳ የውኃ ቧንቧ ተቀብሮበታል። በቀኝ ያለው የካቢኔቱ ጎን፣ ከፍቅፋቂ የተጨመቀው ቺፕውድ፣ ከሲንኩ በሚንጠባጠብ ውኃ አብጦ ቪት አይይዝም። እንጨት እንዳያጋድም በማሽኑና በድንጋዩ መሐል ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፦ ብሎን የተበየደባቸው መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ስስ ብረቶች ከግራናይቱ ሆድ ላይ በድንጋይ ማጣበቂያ መለጠፍ፣ ከዚያ ጆሮዎቹን ከብሎኖቹ ጋር ማሰር። ማጣበቂያ ደግሞ ልሙጥ ላይ አይይዝም። ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ በግራይንደር ተፍቆ መሻከር አለበት።

በጀርባው ተኝቶ ገባ። የስልኩን መብራት አብርቶ ደረቱ ላይ አኖረና እንደ ልማዱ ዳበሰ። የድንጋይ ሆድ ሻካራ ነው፤ ይህኛው ግን ድሮ ፊት ሆኖ እንደተወለወለ ሁሉ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ከዚያ ጣቱ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ገባ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገው። በግራ በኩል፣ ልክ የማሽኑ የግራ ጆሮ በሚያርፍበት፣ ሩታ ይላል። ከስሩ የነበረው የአባቷ ስም ድንጋዩ በልክ ሲቆረጥ አብሮ ሄዷል፤ የፊደላቱ አናት ብቻ ጠርዙ ላይ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ ወሰደዎ እንዴ?» አለች ሃይሚ ከበላዩ፣ እየሳቀች።

ወጣና ግቢው ጥግ ሄዶ ለታዴዎስ ደወለ።

«ያንን ድንጋይ ሰባብሬዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

ሃይሚ ቤት ማሽኑን የሚያስር ብረት ሊለጥፍ ገብቶ እንዳገኘው ነገረው። ታዴዎስ ለመቀለድ ሞከረ። «አንተን ያልጠራሁህ ለዚህ ነበር። ከስንት የኪችን ሠሪ መሐል አንተን ታገኝ?»

«ታዴዎስ።»

«ምን ላድርግህ ገላው? ድንጋይ ይበሰብሳል? ፍቀህ ለጥፈው። ደግሞ ‹ይህ የእሷ አይደለም› ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።»

ገላው ስልኩን ዘጋው። ሰውየው አልዋሸም፤ ያቃጠለውም ይኸው ነው። ለሃይሚ ቢነግራት የመቃብር ድንጋይ ላይ ሽንኩርት አትከትፍም፤ ታስነሳዋለች፣ ታዴዎስም አሁን በእውነት ጠጠር ያደርገዋል። ሽጪልኝ ቢላትስ የት ሊያቆመው? መቃብሩ የሌላ ሰው ሆኗል። ትቶ እንዳይሄድ ሕፃኗ አለች፤ ነገ ሌላ አናጺ ይመጣና ሳያነብ ይፍቀዋል።

ተመልሶ ገባ። የቀኙን ቦታ ፍቆ አሻከረ። ወደ ግራ ዞረና ግራይንደሩን ወደ ላይ አነሳ። ዲስኩ ከ«ሩ» አናት ጣት ሲቀረው እጁን መለሰ። አጠፋው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የእሷ አይደለም ብሎ መልሷታል፤ ሁለተኛውን አልቻለም።

አቧራ እየተፋ በጀርባው እንደተጋደመ ቆየ። ከዚያ ጣቱን እንደገና ፊደሉ ውስጥ ከተተ። ላይ ላዩ ልሙጥ ነው፤ የፊደሉ ወለል ግን የታዴዎስ መሮ እንደተወው ሻካራ ነው። ማጣበቂያ የሚፈልገውም ሻካራ ነው። በክብሪት እንጨትና በቤንዚን የዘጠኝ ዓመቱን ቆሻሻ ከሁለቱ ፊደላት አወጣ። ማጣበቂያውን በጣቱ እየጠቀጠቀ መስመሩን ተከትሎ ሞላቸው፤ «ሩ»ን፣ ቀጥሎ «ታ»ን። ብረቱን ከላይ ጫነና በእንጨት ደገፈው። ስሙ ተሸፈነ።

ሲወጣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ማጣበቂያው አንድ ቀን ሙሉ ካልደረቀ ማሽኑ እንደማይገባ ነግሯት ሄደ።

ያን ሌሊት አልተኛም። ደንቡ መፋቅ እንደሆነ ሠላሳ ዓመት የሠራበት እጁ ያውቃል። የሰው ሕፃን በሁለት ፊደል ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል። ጎኑን በለወጠ ቁጥር ብረቱ ሲገነጠልና ማሽኑ ሲደፋ ይታየዋል፤ ከፊቱ የምትቆመው ሕፃን አንዳንዴ የሃይሚ ልጅ ናት፣ አንዳንዴ ሩታ።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ድጋፉን ነቀለ፣ ማሽኑን ገፍቶ አስገባ፣ ጆሮዎቹን አሰረ። በሩን ከፍቶ ሁለቱን መደርደሪያዎች ሳበና ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክ ጫነባቸው። ሃይሚ ልጇን አቅፋ ከበሩ ጋ ቆማለች። ገላው በሁለት እጁ በማሽኑ በር ላይ ተደግፎ ክብደቱን ጣለበት። ከላይ አንዲት ድምፅ ለመስማት ትንፋሹን ያዘ። ምንም አልተሰማም። ደጋግሞ ጫነው። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም።

«ኧረ ይበቃል፣ በሩን ሊሰብሩት ነው» አለች።

መሣሪያውን ሰብስቦ ደጁ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ድንጋዩን ለማንሳት ያሰብሽ ቀን ለእኔ ደውይ። ሌላ ሰው እንዳትጠሪ።»

«ምን ሆኖ ይነሳል? የዕድሜ ልክ ነው ብለው ነው እኮ የሸጡልኝ።»

ከየካ እስከ ወሰን በእግሩ ወረደ። ስሙን ማንም ሊያነበው አይችልም፤ እሱም ቢሆን ዳግመኛ አያየውም፤ ግን እዚያ አለ። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፣ ማጣበቂያ የደረቀበትን ጣቱን አልታጠበም፣ ከነጫማው አልጋው ላይ ወደቀ። እንቅልፍ የወሰደው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።