ላይል ትቬት ደንበኛን ሲሸኝ

በእኛ በሰሜን ሚኒሶታ እንግዳ ጉልበቱን መታ አድርጎ «እንግዲህ ልነሣ» ካለ ገና አልሄደም። ቆሞ ያወራል፤ በር ላይ ያወራል፤ የመኪናውን እጀታ ይዞም ያወራል። ላይል ትቬት በዚህ ልማድ ተወልዶ አድጎ ልማዱን እንዴት እንደ ረሳው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ላይል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው፤ እኔም ቀለም እየበጠበጥሁ፣ ሚስማር እየመዘንሁ ብዙ ዘመን አብሬው ሠርቻለሁ። ቁመተ ረዥም፣ ነገሩን ሁሉ መርምሮ ካላወቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። በአውራ ጎዳናው ዳር ትልቅ መደብር ሲከፈት ገበያችን ቀዘቀዘ። ላይልም እስከ ፀደይ ካልተሻለን ሱቁን እንደሚሸጠው ነገረኝ፤ «ይሸጣል» የሚል ሳንቃ ጽፎ ጓዳ አስቀመጠ።

ከመሸጡ በፊት ግን የትልቁን መደብር ምስጢር ሊያይ ሄደ። እዚያ ሰው ቶሎ ከፍሎ ቶሎ ይወጣል። ተመልሶ መጣና ከኋላ የነበረውን መክፈያ ባንኮኒ ከበሩ ሥር አቆመው። ወረፋ ጠፋ፤ ገበያው ግን ይብሱን ወረደ። ላይል ምን እንደ ጎደለ ሲያሰላስል ከረመ።

የመጀመሪያው ከባድ በረዶ በወረደ ሰሞን አርደን የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ እንጨት ቆራጭ ለቧንቧው ጎሚኒ ሊገዛ መጣ። በመስኮቱ በኩል፣ ውጭ በቆመው መኪናው ላይ አዲስ የበረዶ መዛቂያ አካፋ ይታያል። ላይል ከወዴት እንደ ገዛው ጠየቀው።

«ከትልቁ ነዋ።»

«እኔ ጋ አካፋ ጠፍቶ?»

«አንተ ሰው፣ ባለፈው ስመጣ እኮ ኮቴን ሳልፈታ አስወጣኸኝ። የድሮው አካፋዬ መሰበሩ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። ደግሞ ቤት ማን ይጠብቀኛል ብለህ ነው የምታጣድፈኝ?»

 በነጋታው ባንኮኒውን ወደ ኋላ መለስነው። ከዚያ ወዲያ ላይል የከፈለውን ሁሉ እስከ በሩ ይሸኘው፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ውሻው ይጠይቀው ጀመር። ብዙው ሰው የበሩን እጀታ እንደ ያዘ «ለካ ገመድም የለኝም» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ቀን ይህ ሁሉ ብልጠት እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ ብልጠት ነበር» አለኝ። «አሁን ግን በረዶ ሲከብድ የሰዎቹ ጣራ ያሳስበኛል።»

ፀደይ ሲገባ የዓመቱ ገበያ ከቀድሞው በልጦ ተገኘ። ላይል ያን የ«ይሸጣል» ሳንቃ ገልብጦ እግር አበጀለትና በሩ አጠገብ አግዳሚ አደረገው። መጀመሪያ የተቀመጠበት አርደን ነው። ጉልበቱን መታ አድርጎ «እንግዲህ ልነሣ» አለ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስም እዚያው ነበር።