በአክስቴ ዜማ፤ ከድሬዳዋ እስከ ሸዋ በር

ኅዳር 20፣ ጎህ ሲቀድ

ከድሬዳዋ የተነሣሁበትን ጉዳይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ሐረር ያሉት ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ካቶሊክ ከሆንኩ ወዲህ በሰው ፊት «ጸረ ማርያም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ልብስ እየሰፋሁ ለእመቤታችን መዝሙር የምደርስ ሰው ነኝ። መዝሙሬን በጆሯቸው ይስሙና ከዚያ ወዲያ ደግመው ይበሉኝ ብዬ ቆረጥኩ። ቤት ባያስገቡኝ ደጅ ቆሜ እዘምራለሁ።

የእኛው ቄስ እንኳ፣ ፈረንጁ አባ፣ «ዜማው የጓዳ እንጉርጉሮ ነው፤ ይታረም» ብለውኝ ነበር። አላረምኩትም። ዜማው አክስቴ ጥጥ ሲፈትሉ የሚያንጎራጉሩት ነው። እሱን እየሰማሁ አድጌ በምን ልዘምር?

ደንገጎ ዳገት

በቅሎ በሁለት ብር ያከራየኝ ዑመር ሐረር ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነጋዴ ነው። ዳገቱን ስንወጣ መዝሙሬን ብለማመድ በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወላሂ፣ ልትሰማህ ነው ወይስ ልትሸሽህ?» አለኝ።

የምሄድበትን ስነግረው ግን ቀልዱን ተወ። «አጎቴ በቤታችን ቋንቋ ዚክሪ ይደርሳል፤ አላህንና ነቢዩን የምናመሰግንበት ዜማ ነው። ሰው በገዛ አፉ ካላመሰገነ በማን አፍ ሊያመሰግን ነው?» አለ። ይህን ከእስላም ሰው መስማቴ ደስ አለኝ፤ ከገዛ ዘመዶቼ አልሰማሁትማ።

ሐሮማያ ሐይቅ ዳር የማሽላ ቂጣ በልተን አደርን። በማግስቱ አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውት ጥቂት ቆየን።

ኅዳር 21፣ ሸዋ በር

ቀኑን የመረጥኩት አውቄ ነው። ዕለቱ የጽዮን ማርያም በዓል፣ የአክስቴ ማኅበርም ቀን ነበር። ከሐረር ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ ባለው ቤታቸው ስደርስ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ንፍሮና ዳቦ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የማኅበሩ ጽዋም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

አክስቴ ተነሥተው ሳሙኝ፤ ወዲያው ግን «ለእሱ በጣሳ ስጡት» አሉ። ከማኅበሩ ጽዋ ሌላ ሃይማኖት ያለው ሰው አይቀምስም። ልጅ ሳለሁ ከዚያው ጽዋ ጠጥቻለሁ። ውስጤ ቆሰለ።

«እትዬ፣ ወይ ከጽዋው ይስጡኝ፣ ወይ ይተዉት» አልኩ።

«ጽዋው የማርያም ነው።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

ጣሳውን መሬት አስቀምጬ ዘመርኩ፦

መርፌዬን ሰክቼ ደጅሽ መጥቻለሁ፤
ቢሉኝም ጠላትሽ፣ ልጅሽ ነኝ እላለሁ።

አንዷ ሴት አማተበች። ሌሎቹ የአክስቴን ፊት ያዩ ጀመር። እሳቸው አቀርቅረው ነበር።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«‹ጠላትሽ› ስትል ድምፅህን ከፍ አደረግህ። እዚያ ላይ ዝቅ ነው የሚለው። ዕድሜዬን ሙሉ ያንጎራጎርኩትን ዜማ አበላሸኸው።» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ በሻከረ ድምፃቸው የኔን ስንኝ ራሳቸው አዜሙት፤ «ልጅሽ ነኝ እላለሁ» እስከሚለው ድረስ። ሰው አለ ብዬ አላፈርኩም፤ አለቀስኩ።

ጽዋው ግን አልፎኝ ሄደ። ጣሳውንም አልነካሁትም።

ኅዳር 22፣ ስንለያይ

አክስቴ ለስንቅ ዳቦ ቋጥረው እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ካቶሊክነትህን አልወደድኩልህም» አሉ።

«አውቃለሁ፤ አልተወውም።»

«መች ትሰማኛለህ። ጸረ ማርያም ግን ሁለተኛ አልልህም። ዜማ አበላሺ ነህ እንጂ።»

ድሬዳዋ፣ እሑድ

ይህ መንገድ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ሃይማኖቴን ማንም እንደማያርምልኝ፣ ዜማዬን ግን የሚያውቅ ሲያርመኝ መቀበል ውርደት እንዳልሆነ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ‹ጠላትሽ› የምትለዋ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዘመርኩ።

አባ ጠሩኝና «አሁንም ያው የጓዳ ዜማ ነው፤ ይታረም አላልኩህም?» አሉኝ።

«ታርሟል አባ» አልኳቸው። «የዜማው ባለቤት አርመውታል።»